ትከሻው የዘመመው ቅጠል

በቅሎዋ የዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቆመች። መቆም ብቻ አይደለም፣ አንገቷን አዙራ የመጡበትን መንገድ በናፍቆት አየች። ጋኑ በልጓም ጎተታት፤ ከኋላ ዞሮ ገፋት፤ በመጨረሻ «አባትሽ ማነው?» ብሎ ሰደባት። እሷም እንደ ዘር ማንዘሯ ይህችን ጥያቄ ሳትሰማ አለፈች።

«ይቺን በቅሎ» አለ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ «የዛሬ ሁለት ዓመት ጎርፍ ወስዷት ነበር። ሦስት ቀን ይዟት ዞረ። በአራተኛው ቀን እሱም ታከተውና መልሶ ደጄ ላይ ጣላት።»

እትዬ ልሙጥ አልሳቀችም። ሌላ ቀን ቢሆን «ምነው አንተን በወሰደልኝ!» ትለው ነበር። ዛሬ ግን ለሳቅ የሚሆን ትንፋሽ አልተረፋትም። ከበቅሎዋ ጀርባ ተንሸራታ ወረደችና በእግሯ መውጣት ጀመረች። ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ።

«ጥላችንን እስቲ እየው» አለች። «እያጠረ ነው እየረዘመ?»

«እየረዘመ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ቀኑ አዘንብሏል። እሷ ካልመጣች ተዋትና አንተ ና።»

ጋኑ ዋርሳዋ ነው፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። ስሙን ያወጣለት ሆዱ ነው። ሥራው ከሸክላ ቤቱ ማሰሮና እንስራ ጭኖ ማድረስ ሲሆን፣ ከዕቃው ይልቅ የሚጭነው ወሬ ይከብዳል ይሉታል። እሷ ደግሞ በዚያው ሸክላ ቤት ቅጠል ትስላለች። አርባ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ። ልሙጥ ያሏት ልሙጥ ዕቃ አይታ ማለፍ ስለማትችል ነው። ራሰ በራው የእቶን አለቃ ፊቷ ባጎነበሰ ቁጥር እጇ ሳታዘው ብሩሽ ያነሳ ነበር ይባላል፤ አንድ ቀንማ አናቱ ላይ ሦስት ቅጠል ይዞ ቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱ በአመድ ፈትጋ ነው ያስለቀቀችለት የሚሉም አሉ። ሰውን እንኳ የምትለየው በቅጠል ነበር። የጦር ጫፍ የሚመስል ሰው አለ፤ ባሏ እንደዚያ ነበር። የአይጥ ጆሮ የሚመስል አለ፣ ጠርዙ መጋዝ የሆነ አለ፤ ጋኑን የመሰለ ደግሞ ውሃ ላይ ተዘርግቶ የሚተኛ ክብ ቅጠል አለ።

የዛሬውን መዘዝ ያመጣው የገዢው ቤት ማሰሮ ነው። በገዢው ቤት የመድኃኒት ክፍል ጠባቂ ማንበብ አይችልም፤ እንዳይችል ተብሎ ነው የሚመረጠው። የአሁኑ ገዢ አያት «ማንበብ የሚችል ደብዳቤ ይቀበላል፤ ደብዳቤ የሚቀበል ጉቦ ይቀበላል፤ ጉቦ የሚቀበል መርዝ ያቀብላል» ብለው ደነገጉ። እሳቸው ራሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበርና ሕጉን ያጸደቁት በቃል ነው። ስለዚህ በመድኃኒት ማሰሮዎቹ ላይ ፊደል የሚባል ነገር የለም። የሚሳለው በውስጡ ያለው ቅጠል ነው፤ ጠባቂው ሥዕሉን አይቶ ይቀዳል።

አሮጌዎቹ ማሰሮዎች ሲሰነጣጠቁ ሃያ አራት አዲስ ታዘዘ። የሸክላ ቤቱ ጎረቤት የሆነው ባለመድኃኒት ለናሙና ከየዓይነቱ አንዳንድ ተዘርግቶ የደረቀ ቅጠል ሰጣት። ዕድሜው ዘጠና፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ነው። እሷ ሳለች፤ ከእቶን ወጥተው ሲበርዱም በተራቸው ደርድራ እሷ እያቀበለችው እሱ በዳሰሳ ሞላቸው። «ይሄኛው የትኩሳቱ ነው» ስትለው የትኩሳቱን ቅጠል፣ «ይሄኛው የእንቅልፉ ነው» ስትለው የእንቅልፉን። የእንቅልፉን ሲሞላ እጁ ቀስ ይል ነበር።

«ከዚህኛው አንዲት ቅጠል፣ አጥንቱ ለሚጠገን ሰው እንቅልፍ ናት» አላት። «አንድ ጭብጥ ግን መቃብር ነው።»

የትኩሳቱ ቅጠል የሚሰጠው ደግሞ በጭብጥ ነው፤ ቀኑ አዘንብሎ ትኩሳቱ ሲነሳ።

ትናንት ረፋዱ ላይ የገዢው ፈረሰኞች መጡ። የገዢው የሰባት ዓመት ልጅ በትኩሳት ተይዛለች፣ ማሰሮዎቹ ዛሬውኑ ይፈለጋሉ አሉ። በገለባ ተጠቅልለው ተጫኑና ሄዱ። እትዬ ልሙጥ አመሻሹ ላይ የምትቀመጥበትን ስትጠርግ የእንቅልፉን ናሙና ከበርጩማዋ ሥር አገኘችው። ልትጥለው አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

በሸክላ ቤቱ ቅጠል የሚሳለው እንዲህ ነው። ከቆዳ የግማሽ ቅጠል ቅድ ይቆረጣል። ቅዱ ማሰሮው ላይ ተደግፎ ቀኙ ይሰመራል፤ ከዚያ ይገለበጥና ግራው ይሰመራል። ሁለቱ ወገን እንደ መንታ ልጆች እኩል ይወጣሉ። የቤቱ ዝናም ይኸው ነው። ያስተማረቻት ባልቴት የተወላገደ ቅጠል ካየች በብሩሽ ጀርባ ጣት ትመታ ነበር። «እግዜር ተቻኩሎ ነው የፈጠረው» ትላለች፤ «አንቺ ግን ጊዜ አለሽ።»

የእንቅልፉ ቅጠል ትከሻው የዘመመ ነው። ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዱ ወገን ከሌላው ጣት የምታህል ዝቅ ይላል። በቀረው ሁሉ፣ በርዝመቱ፣ በጫፉ፣ በጅማቱ፣ ከትኩሳቱ ቅጠል አይለይም። እሷ ቅዱን ገልብጣ አቃናችው። እንዲህ ሆነና ሁለት ማሰሮ አንድ ዓይነት ቅጠል ይዞ ሄደ፤ በአንዱ መድኃኒት፣ በአንዱ ሞት።

ማሰሮዎቹ ከተማ የሚደርሱት ጨልሞ ነው፤ ጽዋው የሚቀዳው በማግስቱ ቀኑ ሲያዘነብል ነው። ጎህ ሳይቀድ ዋርሳዋን ቀስቅሳ መንገድ የጀመረችው ለዚህ ነው።

«እትዬ» አለ ጋኑ፣ ዳገቱ አልቆ የከተማው ጣሪያ ብቅ ሲል። በቅሎዋም ብቻዋን መቅረቱ አልዋጥላት ብሎ ከኋላቸው ደርሳለች። «እጅሽን እንቆርጣለን ቢሉስ?»

«የትኛውን?»

«የምትስይበትን ነዋ!»

«ይውሰዱት። ያጠፋው እሱ ነው።»

«ኧረ ተይ! እኔ የምልሽ፣ ወንበዴ መጥቶ ነው እንበል። አርባ ሆነው፣ ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው... ማሰሮውን ቀያይረውብን ሄዱ። እኔም አሥራ ሁለቱን ጥዬ...»

«ሰባት ዓመቷ ነው» አለች እትዬ ልሙጥ።

ጋኑ አፉን ዘጋ። ከተወለደ ጀምሮ አንድ ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ ያቆመበት ቀን ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የገዢው ቤት በር ላይ ጦሩን ተደግፎ የሚያንጎላጅ ዘበኛ አገኙ። አንድ ዓይኑን ገልጦ አቧራቸውን አየ።

«ሸክላ በኋላ በር ነው» አለ።

«ወንድሜ፣ ሸክላ ልሸጥ አልመጣሁም። የመድኃኒት ጠባቂውን ማየት አለብኝ፤ ማሰሮዎቹ ላይ ስህተት...»

«ስህተት ማክሰኞ ነው የሚሰማው።» ዓይኑን መልሶ ከደነ።

እትዬ ልሙጥ ግድግዳውን ተደገፈች። ቀኑን ሙሉ ስትሄድ ምን እንደምትል አስባ ነበር፤ ማን እንደማይሰማት ግን አላሰበችም። ይኼኔ ጋኑ ወደ ዘበኛው ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ማክሰኞ ይሁን፣ ግድ የለም። እኛ እንኳ የመጣነው ለእባቡ ነው።»

«የምን እባብ?»

«ከገለባው ጋር ማሰሮ ውስጥ የገባው። ትንሽ ናት፣ ክንዴን ብታክል ነው። ግን እናትየዋ ስትፈልጋት ከኋላችን እየመጣች ነው፤ ዳገቱ ጋ ቀድመናት ነው። እኛ ሄደን ማክሰኞ እንመለሳለን። አንተ መቼም ጫማህ ወፍራም ነው...»

ዘበኛው ሁለቱንም ዓይኑን ከፈተ፤ ቀጥሎ በሩን። በቅሎዋንም ዋርሳውንም እዚያው ትታ እትዬ ልሙጥ ገባች። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠጠሯን የደገፋት ጋኑ ነበር።

ግቢው ሰፊ ነው። ድንጋይ ንጣፉ የቀኑን ሙቀት ይተነፍሳል። መሐል ላይ የደረሰች ጊዜ አጋፋሪው ዘንጉን ይዞ መጣባት። ነጭ ጢም ያለው፣ ረጅም፣ አንድ እርምጃ ከሌላው ጋር ተማክሮ የሚራመድ ሰው ነው። በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል ተቻኩሎ ያየው የለም። አንዴ ወጥ ቤቱ ሲቃጠል እንኳ እሳቱን ተራህን ጠብቅ ያለው ይመስል ነበር ይባላል።

«ማን አስገባሽ?» አላት። «እዚህ ቤት ሳይጠራ የሚገባ ዝናብና ሞት ብቻ ነው።»

«ጌታዬ፣ አንደኛው ገብቷል። ማሰሮ ውስጥ ነው ያለው።»

አጋፋሪው ዘንጉን አወረደ። እትዬ ልሙጥ ጉልበቷን ይዛ፣ ጥፋቷን ሳታሳምር፣ ሁሉንም ነገረችው። ቅዱን፣ ትከሻውን፣ ሁለቱን ማሰሮ። አንድም ጊዜ «ያስቸኩሉን ነበር» ወይም «ሽማግሌው ነው» አላለችም። እሱም ፊት ፊቷ ሄደ፤ ግን እርምጃው አሁንም እየተማከረ ነው። እሷም ልትቀድመው አትችልም፤ ወጉም አይፈቅድ፣ እግሯም አይችል።

የመድኃኒቱ ክፍል ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሃያ አራቱ ማሰሮዎች። ጠባቂው ቁልፉን በአንገቱ ያሰረ፣ ከቁልፉ ብዙም የማይወፍር ሰው ነው። ከሸክላ ቤቱ መሆኗን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«እናንተ ናችሁ! ደግ ሰዎች! የትኩሳቱን እኮ ሁለት ማሰሮ ላካችሁልን። የገዢው ቤት ሰው ሁሉ ቢያተኩሰው እንኳ አይጎድልብንም አልኩ።»

«ወንድም ዓለም፣ ከየትኛው ቀዳህ?»

«ለእጄ ከቀረበው። እዚህ ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ፣ ከዚያ አቧራ ልጠርግ ብዬ... ምነው?»

«መቼ ቀዳህ?»

«አሁን ነዋ! ጽዋው ወጣ፣ እናንተ ገባችሁ። በሩ ላይ ሳትተላለፉ አልቀራችሁም።»

እትዬ ልሙጥ ወደ አጋፋሪው ዞረች። «ጌታዬ፣ ያስቁሙት።»

«ከየትኛው እንደተቀዳ ንገሪኝና» አለ አጋፋሪው። «የትኩሳቱ ከሆነ፣ ልጅቷን የሚያድናትን ጽዋ ከእናቷ እጅ ነጥቄ ደፋሁ ማለት ነው። እመቤቲቱ ፊት በወሬ አልቆምም። ማሰሮዎቹ ያንቺ ናቸው፣ ለዪያቸው።»

ሁለቱን አወረደችና መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አቆመቻቸው። አየቻቸው። አዙራ አየቻቸው። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ አምረው የወጡላት ሁለት ቅጠሎች አልነበሩም። ጫፋቸው እኩል፣ ጅማታቸው እኩል፣ ትከሻቸው እኩል። ባልቴቷ ብታያቸው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ታመሰግናት ነበር። እትዬ ልሙጥ ግን የገዛ እጇን ሥራ መለየት አልቻለችም።

«አላውቅም» አለች።

አጋፋሪው ዓይኑን ጨፈነ። ጠባቂውም አሁን ነገሩ ገብቶት፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ያፈላኸውስ?» አለች በድንገት። «ውሃውን ያጠለልክበት? ቅጠሉን የት ደፋኸው?»

ጠባቂው በጣቱ አሳየ። ምድጃው አጠገብ ማጥለያው ተደፍቶ፣ እርጥብ ቅጠል እንደ ጉብታ ተከምሮ ይጨሳል። ደረቅ ቅጠል ይጨማደዳል፣ መልኩን ይደብቃል፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ግን ዛፉ ላይ እንደነበረው ይዘረጋል። እጇን ሰደደች፤ አቃጠላት። የመጀመሪያው ተቀዶ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛው ትከሻው የለም። ሦስተኛውን በመዳፏ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዘረጋችው፤ ሙሉ ነበር። ግንዱን ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

አንዱ ትከሻው ዝቅ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ሸክም በአንድ ወገን ተሸክሞ የዋለ ሰው ይመስላል።

«ጌታዬ» አለች፣ «ይሩጡ።»

አጋፋሪውም ሮጠ። ዘንጉን ጣለ፣ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፣ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመውን ሩጫ ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣው። ግቢው ውስጥ የተኙ ውሾች ተነስተው መንገድ ለቀቁለት አሉ። አንዲት ሞግዚት ደግሞ ነፋስ መስሏት መስኮት ዘጋች ይባላል፤ ይሄኛውን እንኳ ያወራው ጋኑ ስለሆነ ማመን ያስቸግራል።

እትዬ ልሙጥ ከኋላ ደረጃውን ያዘች። ሠላሳ ደረጃ ነው። በአምስተኛው ግድግዳውን ያዘች፤ በአሥረኛው በእጇም ወጣች። ጆሮዋን ጣለች። ጩኸት ካለ ሞታለች፤ ጩኸት ከሌለ ደግሞ ተኝታለች፣ ያም ያው ነው። የሚሰማው የገዛ ትንፋሿ ብቻ ነበር። ሃያኛው ላይ ስትደርስ ተቀምጣ መቅረት አማራት፤ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ፣ የሆነው ሆኖ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪነግራት። እግሯን ግን አነሳች።

በሩ ክፍት ነው። አልጋው ዙሪያ ሴቶች፣ በአልጋው ራስጌ እመቤቲቱ በወንበራቸው። አጋፋሪው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ግማሹ በጢሙና በደረቱ ላይ ፈሷል። አልጋው ላይ ፊቷ እንደ ፍም የቀላ አንዲት ሚጢጢ ልጅ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች።

«አልጠጣችም» አለ አጋፋሪው። ሌላ ቃል ለመናገር ትንፋሽ አልነበረውም።

እንዴት እንዳልጠጣች በኋላ ተሰማ። ስድስት ሴቶች በየተራ «ማር ነው፣ የኔ እናት፣ ጣፋጭ ነው» ብለዋታል፤ እሷ ስድስቱንም አላመነችም። ለስድስተኛዋ ጭራሽ ምላሷን አውጥታ አሳይታታለች።

አጋፋሪው ትንፋሹ ሲመለስለት የማሰሮዎቹን ነገር ነገራቸው። እመቤቲቱ ቀና አሉ። ሦስት ቀን ያልተኙ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ለመቀመጥ ቦታ ያጣ ይመስላል።

«ሥዕሉን የሳልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«እንዲያምር ብዬ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እመቤቲቱ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ለራሳቸው በሹክሹክታ ደገሙት፤ እንዲያምር ብላ፣ እንዲያምር ብላ።

«አሁንስ ማንን ልመን?» አሉ። «ልጄ እየነደደች ነው። ማሰሮው ላይ ያለው ሥዕል ውሸት ነው። ጠባቂውም ያየውን ነው የሚያውቀው። ማንን?»

«ማንንም አይመኑ፣ እመቤቴ። በዓይንዎ ያያሉ።»

ሁለተኛውን ማሰሮ፣ ሙቅ ውሃና ነጭ ጎድጓዳ ሳህን አስመጣች። አንድ ጭብጥ ቅጠል ጣል አደረገች። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ የተጨማደደ ጨርቅ ይመስል ተንሳፈፈ። እመቤቲቱ ጎንበስ አሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ቅጠል ጠርዙን ለቀቀ፤ ሁለተኛው ተገለበጠ። እትዬ ልሙጥ አንዱን በግንዱ አንስታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ዘረጋችው፤ በሌላ እጇ ከማጥለያው ያመጣችውን ዘማማውን ከጎኑ አደረገች። አንድም ነገር አላስረዳችም። እመቤቲቱ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ጣታቸውን ቀና ባለው ትከሻ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፉ። እንደገና አሳለፉ። ሁሉንም ቅጠል አንድ በአንድ እያስወጡ አዩ፤ ሁሉም እኩል ነበር።

«ይህን ስጧት» አሉ።

ልጅቷ ጽዋው ሲቀርብ ከንፈሯን መልሳ ገጠመች። ከሴቶቹ አንዷ «ይሄኛውማ...» ብላ ስትጀምር፣ ልጅቷ ዓይኗን ከእሷ ላይ አንስታ በአቧራ የነጣችውን እንግዳ አየች።

«መራራ ነው?» አለች።

እትዬ ልሙጥ የማሳመር አቅም አልቀራትም ነበር።

«መራራ ነው፣ ልጄ። በጣም መራራ። እኔ ብሆን አልጠጣም እል ነበር። ግን የሚያቃጥልሽን ያወርድልሻል።»

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ ጽዋውን በሁለት እጇ ያዘች፤ አንዴ ተጎነጨች፣ ፊቷን ጨመደደች፣ ጨለጠችው።

«እውነቷን ነው» አለች ለስድስቱ ሴቶች፣ የረታች ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «መራራ ነው።» ትራሷ ላይም ወደቀች።

ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። በዚያ ክፍል ከእመቤቲቱ በቀር የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ስድስቱ ሴቶች ሦስት ቀን የቆሙት በወጉ ነው። እትዬ ልሙጥ ልቁም ብላ ነበር። ጉልበቷ ግን ሳያማክራት ታጠፈና አልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። አጋፋሪው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እመቤቲቱ ዘወር ብለው አዩዋት፤ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ዞረው መጡ፣ ልብሳቸውን ሰብስበው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። አጋፋሪው አፉን የከፈተበት ምክንያት ጠፋው።

ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ የልጅቷን ፊት አዩ። ብርሃኑ ከወለሉ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ግድግዳው ወጣ። አንዴ እመቤቲቱ እያንጎላጁ ወደ እሷ ዘመም አሉ፤ እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የልጅቷ የላይኛው ከንፈር ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ።

«ላብ ነው?» አሉ እመቤቲቱ፣ ድምፃቸውን የሚሰማ እንዳይኖር የፈሩ ይመስል።

እትዬ ልሙጥ በጉልበቷ እየዳኸች ተጠጋች። የጣቷን ጫፍ አስነካች፤ አየችው። እርጥብ ጣቷን ለእናትየዋ ዘረጋችላት።